የከሰል ውሃ ማጣሪያ አሰራር፦ ጥቁር ውሃ ለወጣባችሁና ሽታው አልለቅ ላላችሁ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቧንቧ በመጣ ቀን ሮቶ ይሞላል፣ ካልመጣ ቦቴ ይጠራል፣ ከዛ ውሃው ሲከርም የፕላስቲክ ወይ የበረኪና ወይ የሆነ የረጋ ነገር ሽታ ያመጣል። ሰዉ ደግሞ አንድ ቪዲዮ አይቶ ባልዲ ቀዶ ከሰል ሞልቶ ውሃ ያፈስበታል፣ የሚወጣው ጥቁር ነው፣ ሁለቴ ሶስቴ ይሞክርና ባልዲውን ለቆሻሻ ያደርገዋል። ሰፈራችን ውስጥ ብቻ እንደዛ የተጣሉ አራት ባልዲዎች አውቃለሁ፣ አንደኛው የኔ ነው። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

መጀመሪያ ይሄ ይግባችሁ

ከሰል ወንፊት አይደለም። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እንጀራ ወጥ ሲመጥ ወጡ ውስጡ ገብቶ ይጠጣል፣ ከሰል ግን እንደዛ አይደለም የሚሰራው። ክረምት ሲወጣ ሜዳ አቋርጣችሁ ስትገቡ ካልሲያችሁ ላይ ጨጎጎት ይለጠፍ የለ? ሽታና ጣዕም የሚያመጡት ሞለኪውሎችም ከሰሉ ገጽ ላይ እንደዛ ነው የሚለጠፉት። አድሶርፕሽን የሚባለው እሱ ነው።

ታዲያ ገጹ ትንሽ ቢሆን ዋጋ አልነበረውም፣ ግን ከሰል ውስጡ በአይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣው አክቲቬትድ ካርቦን 1 ግራሙ ከ500 እስከ 1500 ካሬ ሜትር ገጽ አለው፣ መካከለኛውን ብትወስዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላው 7 ግራም አንድ ኳስ ሜዳ ያክላል ማለት ነው (ካርታ ቢወጣለት ሁላችንም ሀብታም ነበርን)። ማብሰያ ከሰል ከዚህ በጣም ያንሳል፣ ግን ለሽታና ለጣዕም ይሰራል።

ከጨጎጎቱ ሶስት ነገር ያዙ። ሜዳውን በሩጫ ካለፋችሁ ብዙ አይለጠፍም፣ ስለዚህ ውሃው ከሰሉ ውስጥ ጊዜ ያስፈልገዋል። ካልሲው ቀድሞ ጭቃ ከጠጣ ጨጎጎት አይዘውም፣ ስለዚህ ደፍራሽ ውሃ አይገባበትም። ካልሲው ከሞላ ደግሞ በቃ ሞላ፣ ከሰሉ ይቀየራል።

ይሄ ማጣሪያ የማይሰራው

ጀርም አይገድልም። እንደውም ከቆየ ባክቴሪያ ከሰሉ ላይ ይራባል። ጨው፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት አያወጣም፣ ለፍሎራይድ ሌላ ነገር ነው፣ የአጥንት ከሰል የሚባል፣ እሱም የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ጉዳይ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ የገባበት ውሃም በዚህ አይታከምም፣ የአቃቂን ወንዝ ውሃ በከሰል አሳልፌ ልጠጣ የሚል ሰው ካለ እባካችሁ አስቁሙት። እኛ የምንሰራው ከቧንቧ ወይ ከታወቀ ጉድጓድ ለመጣ፣ ሮቶ ውስጥ ለከረመ፣ ሽታና ጣዕም ላበላሸው ውሃ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ 1.20 ሜትር (የመጠጥ ውሃ መስመር የሚዘረጋበትን በሉት፣ የፍሳሹን እንዳይሰጧችሁ)፣ የታች ካፕ፣ የግማሽ ኢንች ማውጫ ከነጋስኬቱ፣ 1.5 ሜትር ውስጡን የሚያሳይ ጎማ፣ አንድ ትንሽ ቫልቭ፣ ቴፍሎን፣ ጠጠር፣ ግርድፍ አሸዋ፣ ናይለን ወንፊት ጨርቅ፣ ሁለት ወንፊት፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ማስክ። ባልዲ ለምን አይሆንም ለምትሉ፣ ባልዲ ሰፊና አጭር ስለሆነ ውሃው አንድ ቀላል መንገድ ይፈልግና በዛች ብቻ ይወርዳል፣ ቀሪው ከሰል ስራ ፈቶ ይቀመጣል። ቀጭንና ረጅም ነው የሚሻለው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የአልጋ አጎበር ቆርጣችሁ እንደ ወንፊት እንዳትጠቀሙ፣ ጸረ ትንኝ መድሀኒት የተነከረ ነው። የቀለም ባልዲም በየትኛውም ደረጃ አይገባም፣ ቢታጠብም።

ደረጃ 1፦ ከሰሉን መምረጥ

ማዳበሪያ ሙሉ ከመግዛታችሁ በፊት ከሁለት ሶስት ሰው ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። አንዱን ሰብሩት፣ ስብራቱ ቢያንጸባርቅና ሲጋጭ እንደ ስኒ ቅጭል ካለ በደንብ የበሰለ ነው። ውስጡ ቡኒ ከሆነ፣ እንጨት እንጨት ካለ፣ ሲለኮስ ከጨሰ ተዉት፣ ጭሳም ከሰል ራሱ ውሃው ውስጥ ሽታ ይለቃል። ብሪኬት (ከዱቄት ተጨምቆ የተሰራው ከሰል) አይሆንም፣ ማጣበቂያና ጭቃ አለበት። ቀለም ከተቀባ ወይ ከፎርም ስራ ከተረፈ ጣውላ የከሰለም እንደዛው።

እርግጠኛ መሆን ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ሙከራ አለ። ፋርማሲ ጂቪ ግዙ፣ ያ ሀምራዊው የቁስል መድሀኒት። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ጨምሩና ለሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አካፍሉት። አንደኛው ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታጠበ ደቃቅ ከሰል ጨምራችሁ 5 ደቂቃ ናጡት፣ አንድ ሰአት ይዝቀጥ። ከዛ ሁለቱን ጎን ለጎን መስኮት ላይ አቁሙ። ጥሩ ከሰል ከሆነ ሀምራዊው በግልጽ ይሳሳል፣ በጣም ጥሩ ከሆነ ጭራሽ ይጠፋል፣ የማይረባው ግን እንደነበረ ያስቀምጠዋል። እኔ ከሶስት ሰው ገዝቼ አንዱ ብቻ ነው ያለፈው፣ እሱም ርካሹ ነበር። ውሃውንም ሃይላንዱንም ጣሉት፣ እጃችሁን ከነካ ሁለት ቀን አይለቅም።

አክቲቬትድ ካርቦን ጥራጥሬ ከፊልተር ሻጮች ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ እሱን ግዙ፣ ቀጥታ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። ከሰል ላይ ሎሚ ጨምቃችሁ አክቲቬት አድርጉ የሚሉትን ግን እርሱት፣ እውነተኛው የሚሰራው ወይ ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ባለ እንፋሎት ነው ወይ ደግሞ በጠንካራ ኬሚካል ተነክሮ በከፍተኛ ሙቀት ነው፣ ሎሚው ለሰላጣ ይሁናችሁ።

ደረጃ 2፦ መውቀጥና መንፋት

ደጅ ሁኑ፣ ማስክ አድርጉ፣ የታጠበ ልብስ የተሰጣበት አጠገብ አትሁኑ (ይሄን በሰላም ከጎረቤት ጋር ለመኖር ነው የምላችሁ)። የምትፈልጉት መጠን ከጤፍ ከፍ፣ ከስንዴ ዝቅ ያለ ነው። ከዛ ከተለቀ ውሃው በፍጥነት ያልፋል፣ ከዛ ከደቀቀ ይዘጋል። ትልቁ በሰፊ ወንፊት ይቀርና ተመልሶ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ በጠባቡ ወንፊት ይወርዳል። ደቅቆ ይበልጣል ብላችሁ ቡና አታድርጉት፣ ጠቅ ጠቅ አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ ንፉት።

የተነፋ 6 ሊትር ያስፈልጋችኋል፣ ግን ግማሽ ያህሉ ዱቄት ሆኖ ስለሚቀር ወደ 12 ሊትር የሚሆን ይዛችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ማጠብና መቀቀል

ጥቁር ውሃ የወጣባችሁ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የቸኮላችሁት። ከሰሉን ባልዲ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ በእጅ አማስሉት፣ ጥቁሩን ድፉ፣ ድገሙ። እኔ 11 ጊዜ ነው ያጠብኩት፣ ሰባተኛው ላይ ጠራ ብዬ ነበር፣ አልጠራም ነበር። እጥበቱን ለመጠጥ በገዛችሁት ውሃ አታድርጉት፣ የዝናብ ውሃ ይበቃል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ በንጹህ ይሁኑ።

ከዛ በትልቅ ድስት 20 ደቂቃ ቀቅሉት። ለምን መሰላችሁ፣ ደረቅ ከሰል ቀዳዳው ውስጥ አየር አለ፣ አየር ያለበት ቀዳዳ ውስጥ ውሃ አይገባም፣ ውሃ ካልገባ ያ ሁሉ ኳስ ሜዳ ዝግ ነው ማለት ነው። ስትቀቅሉት አየሩ አረፋ እየሆነ ይወጣል፣ ተንሳፍፎ የነበረውም ይሰጥማል። እዛው ውሃ ውስጥ ቀዝቅዞ ይደር፣ ጠዋት አሁንም የሚንሳፈፈውን በጭልፋ ለቅማችሁ ጣሉ።

ቤት ውስጥ በከሰል ምድጃ እንዳትቀቅሉት፣ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል፣ ታውቁታላችሁ በየአመቱ የምንሰማው ነው።

ደረጃ 4፦ ቱቦውን ማዘጋጀት

ካፑን ግጠሙ፣ ካፑ አጠገብ ከታች ማውጫውን አስገቡ፣ ከውስጥ አፉን በወንፊት ጨርቅ እሰሩት። የፒቪሲ ማጣበቂያ ከተጠቀማችሁ ሽታው እስኪጠፋ ፀሀይ ላይ ሶስት አራት ቀን ይሰንብት። አለዚያ ከሰሉ ገና ስራ ሳይጀምር የማጣበቂያውን ሽታ ጠጥቶ ይሞላል፣ ውሃችሁም ቱቦ ቱቦ ይላል።

ጎማውን ከማውጫው ጀምራችሁ በቱቦው ጎን ወደ ላይ ውሰዱት፣ ጫፉ ከታች ሲለካ 92 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን፣ እዛ እጠፉትና እሰሩት፣ ቫልቩም እዛ ጋ። እንዲህ ከሆነ ውሃው ከከሰሉ በላይ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ከሰሉ መቼም አይደርቅም።

ጎማውን ግን አስረዝማችሁ መሬት ላይ ጀሪካን ውስጥ አትክተቱት። እኔ ተመቸኝ ብዬ አደረግኩት፣ ማታ ከፍቼ ተኛሁ፣ ጎማው ውሃውን እየሳበ ቱቦውን እስከ ታች አድርቆት አደረ። በማግስቱ ውሃ ስጨምር ከሰሉ አየር ይዞ ተሰነጣጥቆ እንደገና ጥቁር። ውሃው ከጎማው ጫፍ በአየር ላይ ነው መውደቅ ያለበት፣ ጀሪካኑን በርጩማ ላይ ከፍ አድርጉት። ማስረዘም የግድ ከሆነባችሁ እጥፋቱ አናት ላይ በመርፌ ብሱት፣ አየር ከገባ አይስብም።

ደረጃ 5፦ መሙላት

ከታች 10 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ጠጠር፣ 5 ሴንቲ ሜትር የታጠበ ግርድፍ አሸዋ፣ ክብ የተቆረጠ ወንፊት ጨርቅ፣ 70 ሴንቲ ሜትር ከሰል፣ እንደገና ጨርቅ፣ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ። ከላይ የሚተርፈው 30 ሴንቲ ሜትር የውሃ ቦታ ነው።

ከሰሉን ደረቅ ቱቦ ውስጥ አታፍሱት። መጀመሪያ በጎማው በኩል ከታች ወደ ላይ ውሃ አስገቡ፣ ሌላ ጀሪካን ከፍ አድርጋችሁ አገናኙት፣ ውሃው ከአሸዋው በላይ ሲወጣ እርጥቡን ከሰል በጭልፋ ጨምሩ፣ እየሞላችሁ ቱቦውን በመዳፍ መታ መታ አድርጉ። ከሰሉ ሁሌ ውሃ ስር ይሁን።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት

ሁለት ጀሪካን አሳልፉና ድፉ፣ ሽንት ቤት ይሁን፣ ወለል ይታጠብበት። ገና ሲጀምር ውሃው ሳሙና ሳሙና ሊል ይችላል፣ አመዱ ነው፣ በሁለት ጀሪካን ውስጥ ይጠፋል።

ደረጃ 7፦ ፍጥነቱን ማስተካከል

ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከጎማው ስር አድርጉና በስልካችሁ ሰአት ያዙ። በ90 ሰከንድ መሙላት አለበት። እንዲህ ከሄደ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ሰአት ይሞላል፣ ከሰሉ 6 ሊትር ስለሆነም ውሃው እዛ ክፍል ውስጥ ቢበዛ ወደ 18 ደቂቃ ይቆያል። በ20 ሰከንድ ከሞላ ሜዳውን በሩጫ እያለፈ ነው፣ ቫልቩን ያዝ አድርጉት። ሰው እዚህ ጋ ትዕግስት ያጣል፣ ባለቤቴ ራሷ እኔ ሳላይ ትከፍተዋለች፣ ቫልቩን በሽቦ አስሬዋለሁ አሁን።

ደረጃ 8፦ ማከሚያው ከማጣሪያው በኋላ ነው

ይሄን ሁለቴ አንብቡት። ከሰል ክሎሪንን ያጠፋዋል፣ መለጠፍ ብቻ ሳይሆን ገጹ ላይ ሪአክት አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ሮቶ ውስጥ ውሃ አጋር (ውሃ ማከሚያ ክሎሪኑን) ጨምራችሁ ከዛ በከሰል ብታሳልፉት ከታች የሚወጣው መከላከያ የሌለው ውሃ ነው፣ ጀሪካን ውስጥ ሁለት ቀን ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንታት የተሳሳትኩት ይሄንን ነው፣ ውሃው ጣፈጠ ሽታው ጠፋ ብዬ ለሰው ሁሉ እያስቀመስኩ፣ ልጄ ሆዱን ታመመ፣ ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ ውሃውን ከምን እንደምንቀዳ ስትጠይቀኝ ነው የገባኝ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ማዝቀጥ፣ ማጣራት፣ ከዛ ማከም። ውሃ አጋር ከሆነ እላዩ ላይ የተጻፈውን መጠን ተከተሉ፣ ክሎሪኑን ካደረጋችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ እኛ ያለነው ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፣ ስለዚህ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የተጣራው የሚገባበት ጀሪካንም የጥሬው ውሃ ጀሪካን አይሁን፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር እሰሩበት።

ነገሩ ሲበላሽ

ከሳምንት በኋላም ጥቁር ከወጣ፦ የታችኛው ጨርቅ ተቀዷል ወይ ቱቦው ደርቆ ነበር። ደርቆ ከሆነ ከታች ወደ ላይ ውሃ አስገብታችሁ አየሩን አውጡ፣ አንድ ጀሪካን ድፉ። ካልቆመ ፍቱት።

ፍጥነቱ በየቀኑ ከቀነሰ፦ የላይኛው አሸዋ ተዘግቷል። 5 ሴንቲ ሜትሩን አውጥታችሁ እጠቡ፣ ከሰሉን አትንኩት። ክረምት ላይ ደፍራሽ ውሃ ከመጣ ሌሊቱን ባልዲ ውስጥ አሳድሩት፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ።

ውሃው ቆሞ ሲያድር ቢጫ ዝቃጭ ካመጣ ወይ ሻይ ስታፈሉበት ከጠቆረ፦ ብረት አለበት፣ የጉድጓድ ውሃ ላይ ያጋጥማል። ብረቱ ዝገት ሆኖ ከሰሉን ይለብጠዋል። ከፍ አድርጋችሁ ከጀሪካን ጀሪካን እያፈሰሳችሁ አየር ስጡት፣ ይደር፣ ይዝቀጥ፣ ከዛ ነው ማጣሪያው።

ቀንሶ የነበረው ሽታ ቀን ቀን ላይ ብቻ ከተመለሰ፦ ቱቦው ፀሀይ ላይ ነው። ሲሞቅ የተለጠፈው ይላቀቃል፣ ጥላ ውስጥ አስገቡት።

የተጣራው ራሱ የረጋ ሽታ ካመጣ፦ ቆሞ ከርሟል። ክፍለ ሀገር ሄዳችሁ ከሁለት ቀን በላይ ካልተጠቀማችሁበት መጀመሪያ የሚወጣውን 5 ሊትር ድፉ። ከሳምንት በላይ ከሆነ ከሰሉን ቀይሩ፣ አትከራከሩት።

ከሰሉ መሙላቱን እንዴት ታውቃላችሁ

በአይን አይታይም፣ ውሃው ጥርት ብሎ እየወጣም ከሰሉ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ ሁለት ሃይላንድ ውሰዱ፣ አንዱን ካልተጣራው፣ አንዱን ከተጣራው ግማሽ ድረስ ሙሉና ክዳናቸውን ዘግታችሁ ፀሀይ ላይ አንድ ሰአት አቁሟቸው፣ ከዛ ናጥ አድርጋችሁ ከፍታችሁ አሽትቱ። ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል። ሁለቱን መለየት ካቃታችሁ አበቃ። አፍንጫችሁ ጉንፋን ከያዘው ጎረቤት ጥሩ፣ እኛ ጋ እትዬ አሉ፣ ቡና በአንድ ጉንጭ የውሃውን አገር የሚለዩ፣ እሳቸው "ዛሬስ ሮቶ ሮቶ ይላል" ካሉ እኔ ሌላ ሙከራ አልፈልግም። በቀን አንድ ጀሪካን እያሳለፍኩ በየስድስት ሳምንቱ ሸተተም አልሸተተም እቀይራለሁ፣ የቀየርኩበትን ቀን ቱቦው ላይ በማርከር እጽፋለሁ።

አንዳንዱ ሰው ከሰሉን በጆንያ አድርጎ ሮቶ ውስጥ ይከተዋል፣ ውሃው ስለማያልፍበት ብዙም ጥቅም የለው፣ ብሎም ገብቼ ላውጣው ይላል። እርጥብ ካርቦን በተዘጋ ቦታ ኦክስጅን ከአየሩ ይስባል፣ ክምችቱ ትልቅ ከሆነ ሰው ይጥላል። ከሰል ባለበት ታንከር ውስጥ ጭንቅላታችሁን አታስገቡ።

የወጣውን ከሰል አድርቃችሁ ምድጃ ላይ አትመልሱት፣ የያዘውን ሁሉ ሲሞቅ ይለቀዋል፣ ያውም ወጥ ላይ። ጓሮ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ከምትበሉት ጎመን ራቅ አድርጋችሁ።